ለዶሮ የተሠራ ሣጥን ቆቅ ሲያሳድግ

ሣጥኑን ያሠራሁት ለዶሮ ጫጩት ነበር። ደብረ ብርሃን አንድ አናጢ ጋ 3,200 ብር ከፍዬ አሠራሁት። ከዚያ በአይሱዙ አስጭኜ፣ በአንኮበር መንገድ፣ ቤቴ አመጣሁት። የእኛ ማሳ ጫፉ ገደል ነው። ከገደሉ ወዲያ ቆላው ተዘርግቶ ይታያል። ብርዱን የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል፣ ደጅ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ላዩ ጋግሮ ይነጋል።

የጭድ ሣጥን አይቶ ለማያውቅ ልንገረው። ሁለት ሣጥን ነው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ። በመሃላቸው አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት አለ፤ እሱ በደረቅ ጭድ ይጠቀጠቃል። ክዳኑም እንደ ትራስ ጭድ ተሞልቶ የተሰፋ ነው። ማታ ጫጩቶቹ ውስጠኛው ሣጥን ይገባሉ። የገላቸው ሙቀት ወደ ውጪ እንዳይወጣ ጭዱ ይይዘዋል። መብራት አይፈልግም፣ ከሰል አይፈልግም፣ ላምባ አይፈልግም። ቀን ቀን በጎን ባለች ትንሽ በር ወጥተው ሽቦ በተወጠረበት ግቢ ውስጥ ሲጭሩ ይውላሉ። የግብርና ባለሙያዎች ሄይ ቦክስ ይሉታል። የእኔው ለ50 ጫጩት የተሠራ ነው።

ካቻምና በአምፖል ነበር የማሳድገው። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሲነጋ 31 ጫጩት ጥግ ላይ ተደራርቦ ሞቶ አገኘሁ። ያን ቀን ነው ሁለተኛ በአምፖል አላሳድግም ያልኩት።

ስለ ዶሮው አጭር ነው የምለው። ሣጥኑ ይሠራል። 45 ጫጩት አስገብቼ 43 አውጥቻለሁ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ቆቅ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ገብስ እያጨድን ነበር። ደቦ ነው፣ 14 ሰው ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ አጫጆቹ ወደ ገደሉ አፋፍ ሲጠጉ ውሻ ጮኸ። ወዲያው ዝም አለ። ሮጬ ስደርስ እናቲቱን ቆቅ አንገቷን ይዟታል። አስጣልነው፤ ግን አልተረፈችም። ውሻው የእኔ አይደለም። ማሳው ግን የእኔ ነው፤ ያጨድነውም እኛ ነን። ከእግራችን ሥር አመድማ ነገሮች እንደ ጥጥ ብናኝ ተበተኑ። ጫጩቶች ናቸው። ከአውራ ጣቴ እምብዛም አይበልጡም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሜዳ ላይ የቆቅ ጫጩት ያየ ሁሉ አንስቶ ቤቱ ይውሰድ እያልኩ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እናት ቅርብ ናት። ሰው ሲርቅላት ትጠራቸዋለች፣ እነሱም ከየተሸሸጉበት ይሰበሰባሉ። ማንሳት ማለት ብዙ ጊዜ ከእናት መስረቅ ነው። እኛም እናቲቱ ሞታ እያየን እንኳ አባትየው ይመጣ ይሆናል ብለን ሰዉን ከዚያ ጥግ አራቅን። እስከ 12 ሰዓት ጠበቅኩ። የመጣ የለም። ፀሐይዋ ስትገባ ብርዱ ጀመረ፤ ጫጩቶቹም ድምፃቸው እየሰለለ ሄደ። ያኔ ነው በነጠላዬ ጠቅልዬ ያነሳኋቸው። ስድስት ነበሩ። አንዷ እቤት ሳልደርስ እጄ ላይ ሞተች።

የጎረቤቴ ልጅ፣ በጎች የሚጠብቀው፣ አብሮኝ ነበር። «እትዬ፣ ሲያድጉ ልትበያቸው ነው?» አለኝ። ልጁ አይፈረድበትም። በእኛ አገር ቆቅ በወጥመድ ይያዛል፣ ይበላል፣ መንገድ ዳርም ተይዞ ይሸጣል። «አይ፣ ከመጡበት ልመልሳቸው ነው» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። በማግስቱ ግን ሳልጠራው ፌንጣ ይዞ መጣ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ይህን ደንግጓል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ለሚመለከተው ባለሙያ ሄጄ ተናገርኩ። ምን እንደተፈጠረ፣ ስንት እንደሆኑ፣ መቼ እንደምለቃቸው አስመዘገብኩ። ይህን የምጽፈው እኔን አይቶ ማንም ሰው ቆቅ ማርባት እንዳይጀምር ነው።

አሁን ወደ ሣጥኑ።

የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነበር። በዶሮ የለመድኩትን ይዤ አምስቱን ውስጠኛው ሣጥን አስገባሁና ክዳኑን ከደንኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ ነገር ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ሄጄ ከፈትኩት። አንዱ ሞቷል። አራቱ ጥግ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ቴርሞሜትር አስገብቼ ባየው 16 ዲግሪ ነው። ይህን የሚያህል ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ገደማ ማግኘት አለበት።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ሣጥኑ ራሱ ሙቀት አያወጣም። የሚያሞቁት ጫጩቶቹ ናቸው፤ ሣጥኑ የሚያደርገው ያወጡትን መያዝ ብቻ ነው። ሃምሳ ሲሆኑ የሃምሳ ገላ አለ። አምስት ሲሆኑ፣ ያውም ብናኝ የሚያህሉ አምስት፣ ቤቱ ይሰፋቸዋል፤ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ እንደማደር ነው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አናጢውም አያውቅም፤ ለጥቂት ጫጩት የገዛው ሰው የለማ። እኔ ግን የዶሮ ሰው ነኝ፤ ማሰብ ነበረብኝ። ያቺ ጫጩት እስካሁን ትቆጨኛለች።

ያደረግኩት ይህን ነው። አንድ ትንሽ የእንጀራ ሞሰብ የምታህል ቅርጫት ውስጠኛው ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ዙሪያዋን ጭድ ጠቀጠቅኩ። ቅርጫቷ ውስጥ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በአሮጌ የሱፍ ካልሲ ሸፍኜ፣ ግራና ቀኝ አጋደምኩ። የፈላ ውሃ ግን አትጨምሩ፤ ላስቲኩን ያኮማትረዋል፣ ከዚያ ያፈስና ጭዱን ያረጥባል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ይበቃል። ከላይ የበግ ለምድ ቁራጭ ጣል አደረግኩ፤ እንደ እናት ክንፍ ከሥሩ ገብተው ይተኛሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ቅርጫቷ 33 ዲግሪ ደረሰች። እዚህ ላይ ነው ሣጥኑ ዋጋውን ያሳየኝ። ደጅ 2 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ያ ውሃ አምስት ሰዓት ሙሉ ሳይቀዘቅዝ ቆየ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንዴ መቀየር በቃኝ። ያለ ጭድ ሣጥን ብሞክረው በየሰዓቱ መነሳት ነበረብኝ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የሞተ የለም።

ሁለተኛው ችግር ሽቦው ነው። ለዶሮ ጫጩት የሚበቃው ቀዳዳ ለቆቅ ጫጩት በር ነው። በአራተኛው ቀን ቆጠርኩ፣ ሦስት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሦስት። ሁለት ሰዓት ፈለግን። ጎተራው ሥር ተለጥፋ አገኘናት። ቆቅ ከተፈለፈለችበት ቀን ጀምሮ መደበቅ ታውቃለች። ዓይናችን እያያት ስንት ጊዜ አልፈናታል። የዚያኑ ዕለት የወንፊት ሽቦ ገዝቼ ከታች አንድ ክንድ ያህል ዙሪያውን ደረብኩበት።

ሦስተኛው ወለሉ ነው። ውስጠኛው ሣጥን ወለሉ በምስማር ተመቷል፤ አይወጣም። ኩሱን ለማጽዳት ጎንበስ ብሎ በእጅ መዛቅ ነው። እርጥብ ወለል ደግሞ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ያመጣል። ወለሉ እንደ መሳቢያ የሚሳብ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ሣጥን ጉድለት አልፈልግለትም ነበር። ከዚህ በፊት ዶሮ የነበረበትን ሣጥን ለዱር ወፍ የምትጠቀሙ ካላችሁ በበረኪና አጥባችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ አስመቱት። ፈንግል ከዶሮ ወደ ዱር ወፍ ይተላለፋል። እኔ አጥቤ ያስቀመጥኩት ሆኖ ነው የተረፍኩት። ጭዱን ግን በዚያው ሌሊት ቀየርኩት።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። የሱቅ የጫጩት መኖ ፕሮቲኑ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ ለቆቅ ጫጩት ያንሳል። በዱር ሳሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበሉት በአብዛኛው ነፍሳት ነው። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሬ፣ ፌንጣና የጉንዳን እንቁላል ጨምሬ እሰጣቸው ነበር። ልጁ በጣሳ 10 ብር እየተከፈለው ፌንጣ ይይዝልኛል። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ እንዳያመጣ አስጠንቅቄዋለሁ። ውሃ በዝርግ ሳህን፣ ጠጠር ተሞልቶበት፤ አለዚያ ይሰምጣሉ።

ሣጥኑን ከልቤ የማመሰግንበት ነገር ግን ሌላ ነው። ጨለማና ዝምታ ይሰጣል። በአምፖል ስታሳድጉ ጫጩቱ ቀንም ሌሊትም ያያችኋል። መብራቱ አለ ወይ እያላችሁ ትመላለሳላችሁ። ለዶሮ ይህ ችግር የለውም። ለዱር ወፍ ግን ገዳይ ነው። የእነዚህ ወፎች ጫጩት እንደተፈለፈለ ፊቱ የሚንቀሳቀሰውን እናቴ ብሎ ይከተላል። ሰው የለመደ ቆቅ የመጀመሪያው እረኛ እጅ ላይ ይወድቃል። የጭድ ሣጥን ሲከደን ውስጡ ድቅድቅ ነው፤ ጭዱም የቤቱን ጫጫታ ያፍነዋል። በሩ ላይ ጆንያ ሰቅዬ ምግቡን ከጆንያው ሥር በእጄ እገፋ ነበር። ፊቴን አላሳየኋቸውም። ቤተሰቡም እዚያ ጥግ ሲደርስ ወሬ እንዲያቆም ነገርኩ። የልጅ ልጄ ስም ላውጣላቸው ብላ ለመነችኝ። እንቢ አልኳት። አለቀሰች፤ እኔም ሆዴ ባባ። ግን ስም ካወጣችላቸው እንደማታስለቅቀኝ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መብረር ጀመሩ። ቆቅ ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ነው የሚነሳው። የግቢው ጣሪያ ሽቦ ነው፤ አንዷ ግንባሯን ላጠችው። አሮጌ ነጠላ ከሽቦው ሥር ላላ አድርጌ ወጠርኩ። ከዚያ በኋላ ቢመቱም ይመልሳቸዋል እንጂ አያቆስላቸውም። ይህን ዶሮ አሳዳጊ አያስበውም፤ ለቆቅ የሚገዛ ግን ከመጀመሪያው ቀን ያድርገው።

ጥምቀት አለፈ። ሁለት ወር ሞላቸው። ሣጥኑን ወደ ገደሉ አፋፍ ልናወርደው ስንል መያዣ የለውም። ከባድ ነው፣ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። ሁለት ወንዶች በገመድ አስረው፣ እየተንገዳገዱ አወረዱት። ሁለት እጀታ መምታት ስንት ምስማር ይፈጃል? ይህን ለአናጢው ነግሬዋለሁ።

አፋፉ ላይ ሦስት ቀን ተዘግተው ቆዩ፤ ቦታውን በሽቦው ውስጥ እንዲያዩት። በአራተኛው ቀን ማለዳ በሩን ከፍቼ ከአንድ ቁጥቋጦ ኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልወጡም። ከዚያ አንዷ አንገቷን አወጣች፣ መለሰች፣ እንደገና አወጣች። ወጣች። ሌሎቹ ተከተሏት። አልበረሩም። በእግራቸው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ወደ ቀጋው ሥር ገቡ። ሣሩ ትንሽ ተነቃነቀ፤ በቃ።

ለሁለት ሳምንት ሣጥኑ በሩ ተከፍቶ እዚያው ቆየ። ማታ ማታ መኖ እበትንላቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሌሊቶች ተመልሰው ሣጥኑ ውስጥ አደሩ፤ ኩሳቸው ይነግረኛል። ከዚያ ቀሩ። በየካቲት ሦስቱን አንድ ላይ አይቻቸዋለሁ። አራተኛዋን ጭልፊት ወስዷት ይሆናል፣ ወይ ሸለምጥማጥ። ወይም ከሌላ መንጋ ተቀላቅላ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን ያ አፋፍ ስላለ ነው። በጥር ወር የእኛን አገር ያየ ያውቀዋል። ገብሱ ታጭዷል፣ ስንዴው ታጭዷል፣ ከብቱ ቃርሚያውን ጨርሶታል። ምድሩ ራቁቱን ነው። አንድ ቆቅ የሚሸሸግበት አንድ ክንድ ሣር አይገኝም። የቀረው ቦታ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ እምብዛም ነገር አይበቅልም። ሣጥኑ የቱንም ያህል ቢያሞቃቸው፣ ወዴት ልለቃቸው ነበር?

ይዞታዬ አምስት ጥማድ ነው። ከዚያ ላይ በገደሉ ጠርዝ በኩል 15 እርምጃ ስፋት ያለውን ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ማረስ አቆመ። አፈሩ በየክረምቱ ወደ ቆላ እየወረደ ስላስቸገረው ነው እንጂ ስለ ወፍ አልነበረም። እኔ ግን ከእሱ በኋላ ዘጋሁት። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ከሣሩ ጋር ቀጋው ተነሳ፣ አስታው ተነሳ። አእዋፍ ዘሩን አምጥተው ነው መሰለኝ ሁለት የሐበሻ ጽድ በቅለዋል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መንዝ ጓሳን ያየ ሰው ያውቃል። የመንዝ ሰው ያን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ራሱ ሕግ አውጥቶ ሲዘጋና ሲከፍት ኖሯል። ጓሳ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ በጋራ ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ ዛሬም ያሉት በዚያ መዝጋት ነው። የእኔ 15 እርምጃ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግን ልማዱ የአያቶቻችን ነው፤ ከሌላ ቦታ የተማርነው አይደለም።

ዋጋ አለው፣ አልደብቅም። በዓመት ሁለት ኩንታል ገብስ አጣበታለሁ። ጎረቤቶቼ አይጥ አስጠጋሽብን ይሉኛል፤ እውነት አላቸው። ጭላዳም ከገደሉ ወጥቶ እዚያ አርፎ ነው ወደ ገብሱ የሚገባው። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ጠባቂ ልጅ እቀጥራለሁ። አንዳንድ ዓመት ሒሳቡን ስሠራ እደነግጣለሁ። ደግሞ አንድ ቀን በእኛ መንገድ መነጽር አንግተው የሚያልፉ የውጭ አገር ሰዎች ቆመው ያን ጥግ ሲመለከቱ አየሁ። አንዲት ትንሽ ወፍ ነው የሚፈልጉት፤ በ1976 እ.ኤ.አ. እዚሁ አንኮበር አካባቢ የተገኘች፣ በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የሌለች። አግኝተዋት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እኔ 50 ዓመት እዚህ ስኖር ስሟን ከእነሱ ነው የሰማሁት። ያ ቀን ልቤን ነካው።

ሣጥኑን ግዙት ወይ? ከ30 በላይ የዶሮ ጫጩት ለምታሳድጉ፣ በተለይ መብራት በሚጠፋበት ወይም በሌለበት አገር፣ ዓይናችሁን ሳታሹ ግዙት። ከ10 በታች ከሆኑ ቅርጫቷንና ሙቅ ውሃውን አትርሱ፤ ሣጥኑ ብቻውን አያድናቸውም። ስታሠሩ ሦስት ነገር እዘዙ፦ ወለሉ የሚሳብ ይሁን፣ ከታች የወንፊት ሽቦ ይመታ፣ ግራና ቀኝ እጀታ ይኑረው። የክዳኑ ማጠፊያም ቀጭን ነው፤ የእኔው በአራት ወሩ ረገበ። ውስጡን ቀለም እንዳይቀቡት ንገሯቸው፤ ሽታው ለጫጩት አይሆንም። የእኔው አናጢ ቅሬታዬን ስነግረው አልተከራከረም። ማጠፊያውን በነፃ ቀየረልኝ፤ አሁን የሚሠራቸው እጀታ አላቸው። ስለ ወለሉ ግን ዋጋው ይጨምራል ብሎኛል። ይጨምር፣ ያዋጣል።

ሣጥኑ ዛሬ ጎረቤቴ ጋ ነው። 40 ጫጩት ገዝታ አውሼያታለሁ። የፈለግሽውን ያህል ይቆይ፣ ከአጨዳ በፊት ግን መልሺልኝ ብያታለሁ።